ባለ ሁለት መስኮት ካርቶን

አቻምየለሽ ቡሬ ከተማ ዳር ባለ የዘይት ፋብሪካ የተቀጠረችው በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ሥራዋ የተሞሉ ጠርሙሶችን ካርቶን ውስጥ ደርድሮ ማሸግ ነው። በሁለተኛው ወር የደመወዝ ቀን "አልፈርምም" ብላ የክፍሉን ሰው ሁሉ አስቆመች። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ፋብሪካው እንዴት እንደሚያስፈርም ማወቅ ያስፈልጋል።

ደመወዙ የሚገባው በባንክ ነው። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ክፍል ሠራተኞች በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ የሁሉም ፊርማ ሳይሟላ ወረቀቱ ወደ ባንክ አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው፤ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥሮች ወደ ጎን ተደርድረዋል። ቁጥሮቹ የምን እንደሆኑ የተጻፈው በወረቀቱ ራስጌ ነው። ገንዘብ ያዡ አቶ ስመኘው ደግሞ አንዱ የሌላውን ደመወዝ እንዳያይ ብለው መሐሉ በቀጭኑ የተቀደደ ካርቶን ከላይ ያስቀምጡበታል። በቀዳዳው የሚታየው የራስ መስመር ብቻ ነው። እውነት ለመናገር መልካም ሐሳብ ነው! አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የጎረቤትን ደመወዝ የሸፈነው ካርቶን ራስጌውንም ይሸፍነዋል። ሰው ቁጥሩን ያያል፣ የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አያይም።

በመጀመሪያው ወር አቻምየለሽም እንደ ሰው ፈርማ ሄደች።

ባሏ ቢሆነኝ በአገሯ በወምበርማ፣ ሽንዲ አጠገብ ያርሳል። እሷ ስትቀጠር የሰው ኃይል ኃላፊዋ እፀገነት ፋብሪካው የሠራተኛውን ቤተሰብ ጭምር እንደሚያሳክም ነግራት ነበር። አቻምየለሽም ደስ ብሏት "እንግዲህ የቀበሌውን የጤና መድን አታድስ፤ በዚያ ብር ማዳበሪያ ጨምርበት" ብላ ለባሏ ደወለች። ቢሆነኝ አላደሰም። በሚያዝያ ብሽሽቱ ላይ የቆየችው እብጠት አድጋ እንቁላል አከለች። የሽንዲው ሐኪም አንጀቱ በጡንቻው ስንጥቅ እየወጣ መሆኑን፣ እዚያው ታንቆ ከቀረ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው ነገረው፤ እርፍ ሳይጨብጥ ፍኖተ ሰላም ሄዶ ቀዶ ጥገና ያድርግ አለ።

ቢሆነኝ በስልክ "አታድስ ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አላላትም። "ግድ የለም፣ በቆሎው ከተዘራ በኋላ ይደርሳል" ነው ያላት። እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ሆስፒታሉ የሚፈልገው "ወጪውን እኛ እንሸፍናለን" የሚል የፋብሪካው ደብዳቤ ነው። አቻምየለሽ ደብዳቤውን ልትጠይቅ እፀገነት ቢሮ ገባች።

"አንቺ ገና በሙከራ ላይ ነሽ" አለቻት እፀገነት ከኮምፒዩተሯ ቀና ሳትል። "ስልሳ የሥራ ቀን ሳይሞላሽ መድኑ ውስጥ አትገቢም። ካንቺም ምንም አልተቆረጠም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

አቻምየለሽ ማታውን የቅጥር ውሏንና የባንክ መልእክቷን ጎን ለጎን አስቀምጣ ሒሳብ ጀመረች። ማንም ሊሠራው የሚችል፣ ደስ የሚል ሒሳብ ስለሆነ እስቲ አብረን እንከተላት። ውሉ ላይ ያለው አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው። ባንክ የገባላት ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኀምሳ አራት። ስለዚህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ብር ጎድሏል። ጡረታ ከመቶ ሰባት ነው፤ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ብር ይሆናል። ፋብሪካውም በበኩሉ ለጡረታዋ ከመቶ አሥራ አንድ ያዋጣል፤ እሱ ግን ከደመወዟ አይነሣም። የሥራ ግብሩ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሺህ ብር አይነካም። ቀጣዩ ሁለት ሺህ ከመቶ አሥራ አምስት ይከፍላል፣ ሦስት መቶ ብር። ከአራት ሺህ በላይ ያለችው ስምንት መቶ ከመቶ ሃያ ትከፍላለች፣ መቶ ስድሳ ብር። ጡረታውም ግብሩም ተደምረው ሰባት መቶ ዘጠና ስድስት ሆኑ። ከጎደለው ሲቀነሱ ድፍን መቶ ኀምሳ ብር ተረፈ።

ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሠራችው። መቶ ኀምሳው አልጠፋም። ስም ብቻ ነው ያጣው። ስሙ "ሕክምና" ከሆነ ደግሞ ቢሆነኝ ይታከማል ማለት ነው።

የሚያዝያ ደመወዝ ቀን ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። አቶ ስመኘው በገንዘብ ቤቱ መስኮት በኩል እስክሪብቶ ዘረጉላት።

"አያ ስመኘው፣ ካርቶኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።"

"ምን ልትሆኚ?"

"ራስጌውን ላየው ነው። ይኼ መቶ ኀምሳ የምን እንደሆነ ልወቅ።"

"ልጄ፣ ካርቶኑ ከፍ ካለ የሰው ደመወዝ ይታያል። ፈርሚና ሂጂ፤ ዝም አይነቅዝም።"

"ዝምስ አይነቅዝም፤ የሚነቅዘው ዝም ያለው ሰው ነው። አልፈርምም።"

ከኋላዋ የቆመችው እንቁ አንገቷን አስግጋ አየች። ከአቻምየለሽ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያሽጉት።

"ኧረ እቴ፣ ፈርሚና እንገላገል! ነገ ገበያ ነው፤ ባንቺ ጣጣ ባዶ ዘንቢል ይዤ ልዙር?"

"ይቺ የወምበርማ ልጅ ከገተረች ማደራችን ነው" አለ ከሰልፉ ጫፍ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

አቻምየለሽ ዞር አለች። "እንቁዬ፣ ካንቺስ ስንት ይቆረጣል?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ?"

"ሦስት።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ የማታውቂው ሰው ኪስሽ እጁን ሲከት 'ማነህ?' አላልሽውም?"

"እኔን ተይኝ፣ አፈኛ!" አለች እንቁ። ግን ከዚያ ወዲያ ፈርሚ አላለቻትም።

አቶ ስመኘው እፀገነትን አስጠሯት። እፀገነት መጥታ ካርቶኑ ሥር ያለውን መስመር አየች፣ አቻምየለሽንም አየች።

"ነግሬሽ የለም እንዴ? ይኼ የመድን አይደለም።"

"እንግዲያው የምንድን ነው?"

ይህን ጊዜ "ይታያ!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እንቁ ናት። "የምን እንደሆነ ይታይና ትፈርም!"

"የሰው ደመወዝ ማየት እኔም አልፈልግም" አለች አቻምየለሽ። የሥራ ሻሿን ፈታች፣ አጥፋ በመስኮቱ አስገባችና ከራስጌው በታች፣ ከእሷ መስመር በላይ ያለውን የሰው ስም ሁሉ አለበሰችው። "አሁን ካርቶኑን ከእኔ መስመር በታች ዝቅ ያድርጉት።"

አቶ ስመኘው ዝቅ አደረጉት። ከመቶ ኀምሳው ቁጥር ትይዩ፣ ራስጌው ላይ፣ "የሕክምና መድን፣ ባለ ቤተሰብ" ይላል።

እፀገነት ፊቷ ቀላ። "ስህተት ነው። በሙከራ ላይ መቆረጥ አልነበረበትም። የሁለቱን ወር ሦስት መቶ ብር እንመልስልሻለን።"

"አልቀበልም።"

"ገንዘብሽን እኮ ነው!"

"ወንፈል ወጥቼ ሁለት ቀን ካረስኩልሽ በኋላ፣ ተራዬ ሲደርስ 'ድካምሽን በብር ልቁጠርልሽ' ትይኛለሽ? ወንፈል የሚመለሰው በወንፈል ነው። እኔ ደብዳቤ ነው የምፈልገው።"

"ደንቡ ከስልሳ ቀን በፊት አይገቡም ይላል።"

"አይገቡም ካለ አይቆረጥባቸውም ማለቱም ነው። ግማሹን ደንብ ማን ወሰደው?"

እዚህ ላይ አቻምየለሽ የያዘችው ነገር ቀላል አይደለም። ግብርና ጡረታ በሕግ የሚቆረጡ ናቸው፤ ማንም ፈቃዷን አይጠይቃትም። እንዲህ ያለው የሕክምና መዋጮ ግን የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርማ አታውቅም።

"ሳልፈርም ቆረጣችሁ" አለች። "አሁን ስምምነቱን አምጪው፣ እፈርማለሁ። የባሌን ስምም እጽፋለሁ። ደብዳቤው እጄ ሳይገባ ግን ይኼን ወረቀት አልነካም።"

"እኔም አልነካም" አለች እንቁ፤ የጠርሙስ ሣጥንም ገልብጣ ተቀመጠችበት። ሰልፉ አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ተቀመጠ።

እፀገነት የሠራችው የሚያስመሰግናት ነው፤ እዚያው ቆማ ለመድን ድርጅቱ ደወለች። በስልኩ ውስጥ ስም ሲፈለግ ረዘም ያለ ጊዜ አለፈ። ከዚያ "ከመጋቢት ጀምሮ?" አለች፤ "እርግጠኛ ናችሁ?" መዋጮዋ ከመጀመሪያው ወር ስለተከፈለ የአቻምየለሽ ስም መዝገባቸው ላይ ከመጋቢት ጀምሮ ሰፍሯል። ባለ ቤተሰብ ተብሎ፣ ዋስትናው በሥራ ላይ ሆኖ! ሳታውቀው መድን የገባች ሰው ነበረች። የቢሆነኝ ስም ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም በአንድ ቅጽ ይሞላል።

ቅጹ ላይ "የሚስት ስም" የሚል መስመር አለ፤ ለባል የተዘጋጀ ቦታ የለም። አቻምየለሽ "ሚስት" የምትለውን ሰረዘች፣ በላይዋ "ባል" ብላ ጻፈች፣ ስሙንም ሞላች። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እጇ ሲገባ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ነው ደመወዙ ላይ የፈረመችው።

ቢሆነኝ መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት ፍኖተ ሰላም ገብቶ ቀዶ ጥገናውን አደረገ። በቆሎውን ጎረቤቶቹ በወንፈል ዘሩለት፤ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ትልሙ ተጣመመ እያለ አስቸገራቸው።

በግንቦት ደመወዝ ቀን አቻምየለሽ ከማሸጊያ ክፍል የተራረፈ ካርቶን ይዛ መስኮቱ ጋ ደረሰች። በምላጭ ሁለት ቦታ ቀድዳዋለች፤ አንዱ ቀዳዳ ከላይ ለራስጌው፣ ሌላው ወደ ታች ወደ ላይ በሚንሸራተት ቁራጭ ላይ፣ ለሰውየው መስመር። አቶ ስመኘው ወረቀቱ ላይ አድርገው አንሸራተቱት። የሰው ደመወዝ አልታየም፤ ራስጌው ግን ታየ።

"ምነው እስከ ዛሬ አላሰብነው!" አሉ።

"እስከ ዛሬ ያልጠየቅናችሁ እኛ ነን" አለችና ፈርማ ወጣች።

ቀጥሎ እንቁ ተራዋ ደረሰ። እስክሪብቶውን ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ ከላይ ወደ ታች አየች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

"አያ ስመኘው" አለች፣ "ይኼ 'ልዩ ልዩ' የሚለው አርባ ብር የምንድን ነው?"