የማይበስለው መርፌ

ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ሆኜ ስመደብ ሰዉ ገና በመጀመሪያው ገበያ ዶክተር አለኝ። በዚያ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። አይደለሁም ብል ማን ሊሰማኝ! ታዲያ ባለፈው የወጋኝ ማን ነበር ይሉና ይስቃሉ። እኔ ግን አልስቅም። ዶክተር በተባልኩ ቁጥር አንዱ ድንገት ብድግ ብሎ ይሄ ልጅ እኮ ምንም አያውቅም የሚል ይመስለኝ ነበር።

ይህ ስጋት የባሰብኝ በክሊኒኩ ኃላፊ ምክንያት ነው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የመድኃኒት ልክ ሲጠየቁ እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃላቸው ይወርዱታል። ሕክምና ማወቅ ማለት ይሄ ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ ደግሞ በተለይ ለሕፃን መድኃኒት ስሰጥ መጽሐፍ ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ስለዚህ መጽሐፌን ከመጋረጃው ጀርባ፣ መርፌ ከምንቀቅልበት ላምባ ምድጃ አጠገብ ደበቅኩት። በሽተኛ ሲመጣ መርፌው ፈልቶ እንደሆነ ልይ እልና ገብቼ አነባለሁ። ሴቶቹ መዘግየቴን እንጂ ምክንያቱን አላወቁም፤ የዚህ ልጅ መርፌ ከባቄላ ይብሳል፣ አይበስልም ይሉኝ ጀመር።

እንዲህ እያለሁ አምቦ ካለው ጤና ጽሕፈት ቤት ጥሪ መጣ። ሞቃቷ ከተማ እጃጂ ላይ አዲስ ክሊኒክ ሊከፈት ነው፤ ኃላፊ ትሆናለህ ወይስ አትሆንም፣ መጥተህ ቃልህን ስጥ ተባልኩ። በዚያ ጊዜ ሰው ሂድ ሲባል ይሄዳል እንጂ መጠየቁ ራሱ ብርቅ ነበር። እኔ እምቢ ልል ቆረጥኩ። ጎጆ ስሳሳት የሚያርሙኝ ሽማግሌ አሉ፤ እጃጂ ብቻዬን ሆኜ ሰው ብገድልስ? ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። የሹመት ጥም የለብኝም ብዬ አለፍኩት። የጎጆ ብርድ አጥንቷ ድረስ ገብቶ ነበርና፣ እኔን የጠማኝ ሹመት ሳይሆን ፀሐይ ነው አለችኝ።

እምቢታዬን ላደርስ የሄድኩት ድንች በጫነ መኪና ነው። መላ ሰውነቱን ሽፍታ የወረሰው አንድ ሕፃን ክሊኒካችን መጥቶ ነበር፤ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ እግረ መንገዴን ከእናቱ ጋር ወደ አምቦ ሆስፒታል ወሰድኩት። የተቀበለችን ከኩባ የመጣች ዶክተር ነበረች። ሕፃኑን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ወፍራም መጽሐፍ ሳበችና እዚያው ፊታችን ገለጠች። መጋረጃ የለ፣ ምን የለ። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ታነባለች። እኔ አፈርኩላት። እናትየዋ ምን እያደረገች ነው ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። አሁን ትቆጣለች እያልኩ፣ መድኃኒቱን ከመጽሐፍ እያየች ነው አልኳት።

«ተመስገን» አለች። «ልጄን በግምት አትነካውም ማለት ነው።»

ምን ልበላችሁ፣ ተናደድኩ። በዶክተሯም በእናትየዋም አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ላምባ እያሸተትኩ እንደ ሌባ ተደብቄ ማንበቤ አበገነኝ። ሕፃኑ አልጋ እንደተሰጠው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩና፣ መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን እምቢታ ትቼ እሄዳለሁ አልኩ። ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም።

የእጃጂው ክሊኒክ የተከፈተ ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የገቡት ዱላ የተመረኮዙ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ይቀመጡ አልኳቸውና እግራቸውን አየሁ፤ አብጧል። መጽሐፉን ስገልጥ አንዴ መጽሐፉን አንዴ እኔን አዩ።

«ዶክተር፣ ገና ተማሪ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

ዓይኔ መጋረጃ ፈለገ። እዚያ ቤት መጋረጃ አላሰቀልኩም።

«አዎ፣ ኦቦ» አልኩ።

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ አንብብ፤ እግሬን አሞኛል።»