የተከፈተ ስፒከር

የእህቴን ልጅ ሰፈሩ «ጸጥታ» ይለዋል። ሙዚቃ ከማሰማቱ በፊት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሰዉን ሁሉ ዝም ያሰኛል፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። ስፒከር ሻጭ ነው። ሰሞኑን «ደህና ዕቃ መያዝ ትቷል፤ ገብጋባ ሆኗል» እየተባለ ይታማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ አልሰማም። እኔ ግን ሰምቻለሁና ዝም አልልም።

ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችው። ግድግዳዋን በወፍራም መጋረጃ ሸፍኖ፣ ወለሏን ምንጣፍ አልብሶ፣ መሐል ላይ አንድ ወንበር አስቀመጠ። ከወንበሩ ፊት ለፊት ደረት የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ቆሙ። አስመጪው እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማሳያ ብሎ አይሰጥም፤ የፈለገ ገዝቶ ይውሰድ ነው። ጸጥታ መኪናውን ሸጦ ገዛቸው።

አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ይመላለስ ጀመር። ዘፈን ያስመርጣል፤ መልሶ ያስቀይራል፤ ሚስቱን አምጥቶ ወንበሩ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ቀንማ ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ሲወርድ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እንባውን ጠርጎ ተነሣና፣

«በቃ ወስኛለሁ። የታሸገውን አውጣልኝ» አለ።

«የታሸገ የለም ጌታዬ። ያለው ይሄው የሰሙት ነው።»

«የተከፈተ ልትሸጥልኝ?»

«ሳይከፈት በምን ይሰማል?»

«እሱ ያንተ ጣጣ ነው። ስንቱ ሲሰማው የከረመውን ቤቴ አላስገባም።»

«ድምፅ እኮ ልብስ አይደለም፤ ሰው ስለሰማው አይሳሳም።»

«እንግዲያው በግማሽ ዋጋ አድርገው።»

ጸጥታ እንቢ አለ። ሰውየው ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈውን ሞዴል በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወጣ።

ይህ የአንድ ሰው ነገር ቢሆን ባልተናደድኩ። የሚገባው ሁሉ እንዲሁ ነው። ሳልሰማ አልገዛም ይላል፤ ሲሰማ ደግሞ የተሰማውን አልገዛም ይላል። ነጋዴው ምን ያድርግ? የሰማውም የሚገዛው ከሌላ ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው ምስጋና ብቻ ነው።

ተቋራጩ ያንኑ ስፒከር ከሩቅ አስመጣ፣ ታሽጎ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ድምፁ አላማረኝም፤ መጥተህ አስተካክልልኝ» ብሎ ለጸጥታ ደወለለት።

«ሄድክ እንዳትለኝ» አልኩት።

«ሄድኩ ጋሼ። ጥግ ለጥግ ከግድግዳ ጋር አጣብቋቸው ነበር። ወደ ፊት ሳብ አድርጌ አስተካከልኳቸው።»

«ምን አለህ?»

«አሁን ገና ስፒከር ሆነ አለ።»

«ከፈለህ?»

«ሻይ ጋበዘኝ።»

«አንተ ሰው፣ ክብር የሚባል ነገር አልፈጠረብህም? ለምን ሄድክ?»

«ዕቃው ምን አጠፋ ጋሼ? ሲያቃስት እያወቅሁ ልተወው?»

የጸጥታ ሚስት ይህን ከሰማች በኋላ ነገሩን ቆረጠችው። «ወይ ክፍሏን ዝጋ፣ ወይ አልጋህን እዚያው አንጥፍ» አለችው። ሁለቱ ስፒከሮች ባረጀ ዕቃ ዋጋ ለአንድ የድግስ አዳራሽ ተሸጡ። አዳራሹ ባንድ ወር ውስጥ እስኪቀደዱ አስጮኻቸው። መጋረጃው ወረደ፤ ክፍሏ በእጅ በሚንጠለጠሉ ትንንሽ ስፒከሮች ካርቶን እስከ ጣሪያ ሞላች።

ዛሬም ሰው እየገባ «ትልልቆቹን አታሰማንም እንዴ?» ይለዋል፤ ሲያጣም አሽሟጥጦ ይወጣል። የእህቴ ልጅ ደግሞ እስከ በር ሸኝቶ ይቅርታ ይጠይቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ይቅርታ ነው።