የኡስታ ዋጊህ ሄሊኮፕተር

ኡስታ ዋጊህ፣ እኛ ባለሙያን ኡስታ እንላለን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጦር ሄሊኮፕተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። እጁ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ያንኑ ሄሊኮፕተር አሳንሶ በፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። እስክንድርያ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ሻይ ቤታችን የሞዴል ሠሪዎች መናኸሪያ ነው። እኛ ዘንድ ዝምድና የሚፈርሰው በውርስ አይደለም፣ በቀለም ነው። አማቹ የታንክ አረንጓዴ ስላደመቀበት ሦስት ዓመት ያኮረፈ ሰው አውቃለሁ።

ከሁላችንም የባሰው ላምዒ ነው፤ የቀድሞ ካርታ ነዳፊ። ሞዴል ስታሳየው "ያምራል" አይልም፤ "ጅራቱ ላይ ሁለት ብሎን ጎድሎሃል" ይልሃል። የገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ የሣጥኑን ሚስማር ቆጥሮ አንድ ማነሱን ለቄሱ ተናግሯል። ይቺን አላጋነንኳትም።

ኅዳር ላይ ሐጃ ኢንሺራህ ሻይ ቤታችን መጡ። ወንድማቸው ሻምበል ሩሽዲ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በረሃ ላይ ከነሄሊኮፕተሩ ወድቆ የሞተ አብራሪ ነው። ዋጊህ በዚያው የጦር ሰፈር እንዳገለገለ ሰምተዋል።

"ያችን የመጨረሻ ጠዋት ሥራልኝ፣ ኡስታ" አሉት። "ሜዳውን፣ ሄሊኮፕተሩን፣ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ። ሳሎኔ አስቀምጣታለሁ።"

ሁላችንም አጨበጨብን። ዋጊህ "እሺ" አለ፤ ሻዩ ላይ ግን ስድስተኛ ማንኪያ ስኳር ሲጨምር አየሁት።

ምን እንዳስፈራው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ ማታ ነግሮኛል። የዚያን ጠዋት መካኒኩ ራሱ ነው። አለቃው "ፍጠን!" እያለ ሲጮህበት፣ ብሎን እንዳይላላ የሚታሰረውን ሽቦ ሳያስር የሞተሩን ክዳን ዘጋ፤ ወረቀቱ ላይ ግን "ታስሯል" ብሎ ፈረመ። መርማሪዎቹ የሄሊኮፕተሩን መውደቅ በአሸዋ ነፋስ አመካኙ። ዋጊህም አፉን ዘግቶ ከነፋሱ ጋር አብሮ ኖረ።

የኛ ልማድ ሙጫ ከመነካቱ በፊት ሁሉንም በወረቀት ቆርጦ በልኩ መደርደር ነው። ሁለት ጠረጴዛ ገጠምን፤ ሻይ ጠጪዎቹ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የካርቶኑ ሄሊኮፕተር ብቻውን የሕፃን አልጋ ያህላል። ነዳጅ መኪናው፣ ድንኳኑ፣ ሻምበሉ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የወረቀቱ ዋጊህ ብቻ አልረጋም። ሰኞ ነዳጅ መኪናው ጋ ነበር፤ ረቡዕ ድንኳኑ ጥላ ውስጥ ገባ፤ ዓርብ ጥግ ላይ ካለው የሻይ ጀበና አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በእውነተኛው ሜዳ ልክ፣ አርባ ሜትር ሸሸ።

ቅዳሜ ሐጃ ኢንሺራህ እቅዱን ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን እንዳደረጉ ላምዒ በር ላይ ፎቶ እያውለበለበ ደረሰ።

"ውለታዬን አትረሳም፣ ዋጊህ! የጦር ሰፈሩን ፎቶ አንሺ አፈላልጌ አገኘሁት። የዚያው ዕለት ጠዋት ፎቶ ነው!"

"ላምዒ፣ ተወው" አለ ዋጊህ።

"እንዴት እተወዋለሁ? ስህተት አለብህ እኮ!" የወረቀቱን ዋጊህ ከጀበናው አጠገብ አንስቶ ሄሊኮፕተሩ ጎን መሰላል ላይ አቆመው። የሞተሩንም ክዳን ከፈተ። "እዚህ ነበርክ። አየህ? አሁን ትክክል ሆነ።"

ሐጃ ወደ መሰላሉ ጎንበስ አሉ።

"አንተ ነህ ይሄ?" አሉ ሐጃ።

"እኔ ነኝ፣ ሐጃ።"

ላምዒ ማጉያ መነጽሩን ፎቶው ላይ ደቅኖ ነበር። ሲያጠፋ እንኳ ከልቡ ነው። "ኪሱ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ይታያል። ገና አልተፈታም! እሱንም ከፀጉር በቀጠነ መዳብ እሠራልሃለሁ።"

ሐጃ ዋጊህን አዩት። "ሽቦው የምን ነው?"

ዋጊህ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ብሎኑን ማሰሪያ ነው። ያን ጠዋት አላሰርኩትም። አስሬያለሁ ብዬ ፈረምኩ።"

ጮኸው ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉት፤ መልሰው አድርገውም መሰላሉን አተኩረው አዩት።

"ልተወው፣ ሐጃ?" አለ ዋጊህ።

"ትሠራዋለህ። ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ሽቦውም ኪስህ ውስጥ።" ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። "ሲያልቅ ራስህ ተሸክመህ ቤቴ ታመጣዋለህ። ሦስቱ ወንድሞቼም እዚያው ይጠብቁሃል፤ ለእነሱም ራስህ ትነግራቸዋለህ።"

"እሺ፣ ሐጃ" አለ ዋጊህ።