ወደብ ድረስ የተሸኘችው መኪና

ሃያ ሁለት ዓመት በትራንዚተርነት ስትሠራ የሰው መኪና ከጉምሩክ አስወጥታ ቁልፍ አስረክባለች፤ ራሷ ግን ቢሮዋ የምትገባው በአውቶብስ ነበር። ባልደረቦቿ «ማኅተም» ይሏታል። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ከእጇ ወጥቶ አያውቅማ። የጎረቤት የሰርግ ጥሪ ካርድ ደርሷት ገልብጣ ማኅተም ስትፈልግ አየናት ብለው የሚያወሩባት አሉ። እሷም ቀልዱን አትጠላውም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ጆሯቸው ግን የወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን መኪና በሽታ ይናገራሉ። የዚህኛው ፍሪሲዮን አልቋል፣ ያቺ አንድ ካንዴላዋ አይሠራም ይላሉ። አንዳንድ ሹፌርማ እሳቸውን ለማናገር ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ስለ አንዲት መኪና ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። በወጣትነታቸው ድልድይ ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ መሐንዲስ ነበር። አረንጓዴ፣ መሬት ልትልስ የደረሰች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። የምትሠራት ፋብሪካ ትንሽ ነበረች፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ብቻ አውጥታ ከጊዜ በኋላ ተዘጋች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው በቀር ኮፈኗን የከፈተ ሰው አልነበረም። ድልድዩ ሲያልቅ መሐንዲሱ ወደ አገሩ በአውሮፕላን ሄደ፣ መኪናዋን መርከብ ላይ እንዲያስጭኑለት ለእሳቸው አደራ ሰጠ። ብቻቸውን ሰባት ሰዓት ነድተው ወደብ አደረሷትና በአውቶብስ ተመለሱ። ልጃቸው ይህን ታሪክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚያው አውቶብሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀደም ብላ ገባች። አባቷ ሳሎን ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው የሌለ መሪ ይዟል፣ ግራ እጃቸው የወንበሩ ክንድ ላይ ማርሽ ይቀያይራል። መሪዋ በቀኝ በኩል ነበር ሲሉ ሰምታለች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ እግራቸው ሳይቀር ፍሪሲዮን ይረግጣል። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፍቷል። ጫማዋን በእጇ ይዛ ሹልክ ብላ ወጣችና እንደገና በሩን በኃይል ከፍታ ገባች፤ እሳቸውም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ልጄ መጣሽ አሉ።

በማግስቱ ፍለጋ ጀመረች። የእነዚያን መኪኖች ባለቤቶች የሚያሰባስብ አንድ ማኅበር ኢንተርኔት ላይ አገኘች፤ ጸሐፊዋ ጡረታ የወጣች ፋርማሲስት ናት። አባቷ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር እንደ ልጃቸው ልደት በቃላቸው ያውቁታልና እሱን ጻፈችላት። መልሱ በሳምንቱ መጣ። ያቺ መኪና ከብዙ ዓመት በፊት በእሳት ወድማለች። ግን ከእሷ በኋላ አራተኛ ሆና የተሠራችው በፋርማሲስቷ ጋራዥ ቆማለች፤ የባሏ ነበረች፣ እሱም ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። እስካሁን ለጠየቋት ነጋዴዎች ሁሉ እንቢ ብላለች። ማኅተም ስለ አባቷ እጅ፣ ስለ ወንበሩ ክንድ ጻፈችላት። ፋርማሲስቷ፣ «በይ ውሰጃት» ብላ መለሰች።

ለመኪናዋ ዋጋና ለቀረጡ ባሏ ትቶላት የነበረውን ቤት መሥሪያ ቦታ ሸጠች። መምህር የሆነው ታናሽ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ከነጠመኔው አቧራ እየበረረ መጣ።

«አባባ ማየት አይችሉም» አላት። «አንቺ ለሥራ ካልሆነ ነድተሽ አታውቂም። መሪዋ በቀኝ ነው፣ ታርጋ አይሰጣትም። ይህን እኔ ነኝ የምነግርሽ?»

«አውቃለሁ» አለችው።

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«እሳቸው ምንም ፈልገው አያውቁም» አለች። «አስበው እስቲ። ምን ግዙልኝ ብለው ያውቃሉ?»

ወንድሟ አኩርፎ ወጣ፤ ለአባታቸው ግን አልተነፈሰም።

ሕጉን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ለስብስብ የሚገቡ አሮጌ መኪኖች በልዩ ፈቃድ እንደሚስተናገዱ፣ መንገድ ላይ የሚወጡትም በየጉዞው ፈቃድ ሲወሰድላቸው ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። አምስት ወር ደጅ ጠንታ ፈቃዱን አወጣች። መኪናዋን የጫነው መርከብ ዘገየ፣ ሌላ ወደብ ላይ ቆመ፣ በመጨረሻ ደረሰ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ራሷ ሞልታ፣ ፋይሏን አስተካክላ፣ ሃያ ዓመት ስትሟገተው የኖረችው የወደቡ ፈታሽ ፊት ቀረበች። ፈታሹ ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላበጠና መነጽሩን አወለቀ። የስሪት አገር ማረጋገጫው ማኅተም የለውም።

ቢሮው ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ይህቺ ሴት ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን በብርሃን አንስታ ታየው እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ለራሷ ሲሆን ግን ቸኩላ አላየችውም። ፈታሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በበኩሌ አላየሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር» አላት።

«ካላየህማ ነገ ለሌላውም አታይም» አለችና ፋይሏን ታቅፋ ወጣች።

ማኅተሙ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ መሐል አባቷን የሳንባ ምች ጣላቸው። በአልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ፣ ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። ብትነግራቸውና መኪናዋ ብትቀርስ? ሳትነግራቸው ሞት ቢቀድማቸውስ? አልነገረቻቸውም። አባቷ ቀስ በቀስ አገገሙና ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

ወደብ የወሰደቻቸው ለሥራ ነው ብላ ነው፤ ብቻዬን መንገዱ ይረዝምብኛል አለቻቸው። ኮንቴይነሩ ሲከፈት አባቷ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሠራተኞቹ መኪናዋን ገፍተው አወጧት። ማኅተም የአባቷን እጅ ይዛ ኮፈኗ ላይ አሳረፈችው።

እጃቸው መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ በቀስታ ወደ ፊት መብራቷ ወረደ፣ በጎኗ ዞሮ የበሩን እጀታ አገኘ። ጎንበስ ብለው አሸተቷት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሁሉ እንባ ነበር።

«ይቺ እሷ አይደለችም» አሉ።

«አይደለችም አባባ። እሷ ተቃጥላለች። ይቺ እህቷ ናት።»

«ተቃጠለች?» አሉ። «አስነሺያት እስቲ።»

ፈታሹ ራሱ ባትሪ ተውሶ አመጣ። ሞተሩ ሁለቴ አጉረምርሞ ተነሣ፤ አባቷም ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ካርቡራተሯን እየዳሰሱ አስተካከሉት።

የአንድ ቀን የጉዞ ፈቃድ ነበራት። ከኮንቴይነር እስከ በሩ ድረስ ስንት መኪና ነድታለች፤ ከበሩ ማዶ ግን አንድም። አባቷ በግራ ወንበር ተቀመጡ። «አሁን ቀይሪ» ይሏታል ሞተሩን እየሰሙ፣ «አትቸኩዪ፣ ራሷ ትነግርሻለች።» ከሁለት ሰዓት በኋላ እጇ ማርሹን ለመደው። ሜዳው ተዘረጋ።

ከዚያ በድንገት፣ «ይህ ወንበር ላይ ሻንጣዬ ነበር» አሉ።

«የቱ ሻንጣ?»

መሐንዲሱ መኪናዋን እንዲያስጭኑለት ብቻ አልነበረም የነገራቸው። ፋብሪካው ውስጥ ሥራ አግኝቶላቸዋል፣ የመርከብ ቲኬትም ቆርጦላቸዋል። እናቷ እሷን አርግዘው የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ሂድና ውሰደን ብለው ሻንጣውን የሸከፉት እሳቸው ናቸው። አባቷ መኪናዋ በክሬን ስትነሣ አዩ፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መሰላሉ ሥር ደረሱ፣ እግራቸው እንቢ አለ። በማግስቱ ቤታቸውን አንኳኩ። እናቷ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሻንጣውን ፈቱት።

ማኅተም ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ብዙ ነዳች። «ቆጭቶዎት ያውቃል?» አለች።

«ቆጭቶኛል ብልሽ ይከፋሻል። አልቆጨኝም ብልሽ ውሸት ነው።» እጃቸውን ሰደዱና ማርሽ የያዘው እጇ ላይ አሳረፉት። «ሁለቱም አብረው ነው የኖሩት፣ ልጄ። አንዱ ሌላውን አላባረረውም።»

መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ከአባቷ ጋር ኖረች። እሑድ እሑድ ወንድሟ እየመጣ ሞተሯን ያስነሣላቸዋል፤ ኩርፊያው የቆየው እስከ ሁለተኛው እሑድ ብቻ ነው። በዓመት ሦስቴ አራቴ ማኅተም ፈቃድ ታወጣና ከከተማ ውጪ ታንሸራሽራቸዋለች። አንድ የክረምት ጠዋት አባቷ በእንቅልፋቸው እንዳሉ አረፉ።

ካረፉ በኋላ ማኅተም በሃያ አምስት የሥራ ዓመቷ የመጀመሪያውን ረጅም የእረፍት ፈቃድ ወሰደች። ፋርማሲስቷ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብላ ፋብሪካው ወደነበረበት ከተማ ወሰደቻት። ጡብ ሕንፃው እንዳለ ነው፤ አሁን ግን ምንጣፍ ይሸጥበታል። ሻጩ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ የፈለጉትን ያህል ይመልከቱ ብሎ ተዋት። በተጠቀለሉት ምንጣፎች መሐል እየዞረች፣ አባቷ ቢመጡ ኖሮ የቱ መስኮት ሥር ይሠሩ ነበር ብላ አሰበች። ጎረምሳውን አባቷን በቱታ፣ እጃቸው ዘይት ነክቶት፣ ጥርት አድርጋ አየቻቸው። እዚህ አገር የምታድግ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚህ በር ብቅ የምትል ልጅ፣ ራሷን ፈለገች። ብዙ ፈለገቻት፤ እሷ ግን አልታየቻትም። ፋርማሲስቷ ውጪ መኪና ውስጥ ሆና አላስቸኮለቻትም፤ ሻጩ መብራት ማጥፋት እስኪጀምር ድረስ እዚያው ቆመች።