አገጭ ከብረት በላይ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ወፌ» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመብራት ፖል ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ የመስመር ሠራተኛ ነው፤ እንቁላል ከመጣል በቀር ወፍ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጓል። ዕድሜው አምሳ ሁለት ነው። መሬት ላይ ሲሄድ እግሩን ይጎትታል፣ ያጉረመርማል፣ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ይጠፋበታል። ዘጠኝ ሜትር ላይ በቀበቶው ዘንበል ሲል ግን ሌላ ሰው ነው፤ ፒንሳው ከየትኛው ኪሱ እንደሚወጣ ሳያይ ያውቃል።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ በአንዲት ወረቀት መሬት ሊያወርዱት የተነሡት።

ወረቀቷ ሰኞ ጠዋት ተለጠፈች። ፖል የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ ከሦስት ወር በኋላ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ፣ አምስት ጊዜ ራሱን እየሳበ አገጩን ከብረቱ በላይ ማሳለፍ አለበት። ያልቻለ የደንበኛ አቤቱታ የሚቀበለው ስልክ ክፍል ይመደባል። ይህን የጻፉት ሰዎች ከወንበራቸው በላይ ከፍ ብለው አያውቁም። ፖል በእጅ አይወጣም። ፖል የሚወጣው በእግር ነው፤ ጫማ ላይ በሚታሰር የብረት ጥፍርና ወገብ ላይ በሚዞር ቀበቶ። በክንዱ እየተሳበ የሚወጣው ዝንጀሮ ነው፣ እሱ ደግሞ ለሥራ አላመለከተም። ማንም የመስመር ሠራተኛ ይህን በነገራቸው ነበር። ማን ጠየቀና።

ወፌ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ መነጽሩን አውልቆ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበ፣ ቤቱ ሄደ። በሕይወቱ አንድም ጊዜ ራሱን ስቦ አያውቅም።

ነገሩን የሰማችው ልጁ ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ስለሆነች ሰው ሲጨነቅ ካየች የሚታያት መድኃኒት አንድ ነው፤ እንቅስቃሴ። በሳምንቱ አንድ ቦርሳ ይዛ መጣች። ከውስጡ አራት ብረት አወጣች፣ አገጣጠመቻቸው፣ በር ላይ የሚንጠለጠል፣ ራስን መሳቢያ ብረት ሆኑ።

«አባዬ፣ ምስማር አይፈልግም። ይሄ ከጉበኑ ጀርባ ይያዛል፣ ይሄኛው ከፊት መቃኑን ይደገፋል። የሚያጠብቀው ያንተው ክብደት ነው።»

«ከሆነስ አይወድቅም። ክብደት እንደሆነ ሞልቶኛል።»

«መስክ ስትወጣ ደግሞ ፈታተህ ቦርሳ ውስጥ ትከተዋለህ። በር ያለበት ሁሉ ጂም ነው።»

ወፌ ግን ያላረጋገጠው ነገር ላይ አይንጠለጠልም። የመስመር ሠራተኛ የእንጨት ፖል ከመውጣቱ በፊት በመዶሻ ይመታዋል፤ ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ ድምፁ ይናገራል። ስለዚህ መዶሻውን ይዞ የቤቱን በሮች በሙሉ እያንኳኳ ዞረ። የሳሎኑ መቃን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ። የመኝታ ቤቱ «እምቢ» የሚል ዓይነት ድምፅ አወጣ። የቀረው የአማቱ ክፍል ነበር። መታው፤ ደንደን ያለ የድሮ እንጨት።

«ይሄ ሰው ይሸከማል» አለ።

በነጋታው ጠዋት ብረቱን ጨብጦ ተንጠለጠለ። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ እግሩ አየር ላይ ብስክሌት ነዳ፤ አገጩና ብረቱ ግን እንደተራራቁ ቀሩ። ባለቤቱ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላው ቆማ ታያለች።

«ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» አለች፣ ዳዴ ለሚል ሕፃን እንደሚባለው እያጨበጨበች።

«አንቺ ሴት፣ አታስቂኝ። ኃይሌን ትጨርሺብኛለሽ።»

«የቱን ኃይል?»

አማቱ ከአልጋቸው ቀና አሉ። አልጋቸው ከበሩ ትይዩ ነው። «ልጄ፣ ሌላው ሰው ሲነሣ ፀሐይ ያያል፤ እኔ ያንተን እምብርት።»

«እማማ፣ ወደ ግድግዳው ዞር ይበሉልኛ።»

«ልቁጠርልህ ብዬ ነው እንጂ። እስካሁን ባዶ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። አማቱ መቁጠሩን ሥራዬ ብለው ያዙት። አገጭ ብረቱን ካላለፈ አይቆጥሩም፤ ግማሽ የለም፣ ተቃርቧል የለም። በአምስተኛው ሳምንት የመጀመሪያዋ አንድ መጣች። ወፌ እንደተንጠለጠለ «አንድ በሉ እንጂ» አለ በታነቀ ድምፅ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ትንሽ አስበው፣ «አንድ» አሉ። የዚያን ቀን ቢሮ ሲገባ ደረቱን ስለነፋ ዘበኛው አዲስ ሸሚዝ የለበሰ መሰለው።

ለመስክ ሥራ ሲሄድም ብረቱ አብሮት ይጓዛል። አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ባረፈበት ማደሪያ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዶሻውን ይዞ የኮሪደሩን በሮች መቃን እየዞረ መምታት ጀመረ። አራት ቁጥር ክፍል ያደረው «ማነው?» አለ። አምስት ቁጥር ሱሪውን በእጁ ይዞ ወጣ። ስድስት ቁጥር ፖሊስ መስሎት መታወቂያውን በበሩ ቀዳዳ አሳየው። የማደሪያው ባለቤት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መጡ።

«ጌታዬ፣ ቤቱን ሊገዙት ነው?»

«አይ፣ ልንጠለጠልበት ነው።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። «የማደሪያውን አስቀድመው ይክፈሉኝ» አሉ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሦስት ደረሰ። ያን ጊዜ ነው ያ የሰሌዳው ነገር የመጣው።

የመስመር ሠራተኛ ፖል ላይ ሊወጣ ሲል መስመሩን ያስጠፋና ማብሪያው ላይ ቀይ ሰሌዳ ይሰቅላል። «ሰው በሥራ ላይ ነው። አትንካ» ይላል። ያን ሰሌዳ የሚያነሣው ራሱ የሰቀለው ሰው ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ቢመጣ፣ የሥራ አስኪያጁ አለቃ ቢመጣ፣ አይነካውም። ወፌ አንድ ጠዋት ብረቱን አማቱ በር ላይ ገጠመ። ከዚያ በፊት እሱ ተንጠልጥሎ ሳለ ባለቤቱ በሩን ገፍታ ጣቱን አጣብቃበት ነበርና፣ ለጥንቃቄ ቀዩን ሰሌዳ መሃል ላይ አንጠለጠለ። ገና እጁን ሳያነሣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደጅ ላይ ጡሩንባውን ነፋ፤ የሆነ ቦታ ዛፍ መስመር ላይ ወድቋል። ቀበቶውን አንሥቶ ሮጠ። ሰሌዳው እንደተሰቀለ ቀረ።

አማቱ አልተነሡም ነበር። ሲነሡ በሩን ወደ ውስጥ ከፈቱ። ቀዩ ሰሌዳ ፊታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ለእሳቸው ምንም አይደለም፤ ቁመታቸው ራሱ አጭር ነው። ቆም ብለው አዩት። ከዚያ ተመልሰው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

ባለቤቱ ከጉዳይዋ ስትመለስ እኩለ ቀን ሆኗል። እሷም በወፌ መሥሪያ ቤት ስልክ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ስለሠራች የሰሌዳውን ሕግ ታውቃለች። ሰሌዳውን አየች፣ እናቷን አየች፣ እጇን ወደ ብረቱ አላነሣችም። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ የወፌ ስልክ መኪናው ውስጥ ነው፣ ወፌ ፖል ላይ። ምሳ በሰሌዳው ሥር በትሪ አሳለፈች። ወንበር አምጥታ ከበሩ ወዲህ ተቀመጠች፣ እናትና ልጅ በደፍ ተለያይተው ሲጫወቱ ዋሉ። ከትሪው በኋላ በሰሌዳው ሥር ስላለፈው ባልዲ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ቤት አይወራም።

ወፌ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገባ ሁለቱንም እንደተቀመጡ አገኛቸው።

«ምነው እዚህ ተቀመጣችሁ?»

ባለቤቱ በአገጯ ወደ ላይ አመለከተችው። አየ። ፈጠን ብሎ ሰሌዳውን አነሣ።

«እማማ፣ ከሥሩ ማለፍ አይቻልም ነበር? ይሄኮ የስፖርት ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ የለበትም።»

«ምን እንዳለበት እኔ በምን አውቃለሁ። ሰሌዳው ሰው አለ ይላል።»

«ሰውማ አልነበረም።»

«ጥፋትህ እሱ ነው» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢያደርጉ ይሻለው ነበር። «የሚስትህን አባት ፖል ላይ ምን እንደገደለው ታውቃለህ። ሰሌዳውን ያነሣው ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰሌዳ እየሰቀለ ረስቶ ቤቱ ይገባ ነበር። ሰው የሌለበት ሰሌዳ በዛ። ልጁም ያም እንደዚያው ነው ብሎ አንሥቶ መስመሩን አበራው። ባሌ ግን ከላይ ነበር።»

ወፌ ሰሌዳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ባለቤቱ ትሪውን አንሥታ ወደ ጓዳ ሄደች፣ አማቱ ደግሞ ነጠላቸውን ሰብስበው በፍጥነት ወደ መጸዳጃ ቤት።

የፈተናው ቀን ኮሚቴው መጋዘኑ በር ላይ ተሰየመ። ልጁ ካመጣችለት ጋር መንታ የሆነ ብረት ገጥመዋል። ሰብሳቢው ከሰው ኃይል አስተዳደር የመጣ፣ እስክሪብቶ ከጆሮው ጀርባ የሰካ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፤ መመሪያውን ከጻፉት አንዱም ነው። ከወፌ በፊት «ባለጢሙ» የሚሉት የአሥራ አራት ዓመት ሠራተኛ ቀረበ። ሦስት ሳበ፣ አራተኛው ላይ እጁ ከዳው። «ስልክ ክፍል» ተብሎ ተጻፈ። ባለጢሙ ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ወፌ ተንጠለጠለ። አንድ። ሁለት፣ ይቺ ቀላል ነበረች። ሦስት ላይ ጥርሱን ነከሰ። አራት ላይ ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ሾፌሩን ከመኪናው አስወርዶታል። ለአምስተኛው ተነሣ፤ ክርኑ ታጠፈ፣ አፍንጫው ብረቱ ጋ ደረሰ፣ እዚያው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ።

«አምስት» አለ ሰብሳቢው፣ እየጻፈ።

ወፌ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። «አራት ነው።»

«ጋሽ ወፌ፣ አምስት ብዬዋለሁ። ያለእርስዎማ የሰሜኑን መስመር ማን ይወጣልናል?»

«አገጬ አላለፈም።»

«ማን አየ?»

ወፌ ባለጢሙን አየው። ባለጢሙ ጫማውን ያያል። አምስት ይሁን ቢል ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ነገ ጠዋት ቀበቶውን ታጥቆ መኪናው ላይ ይወጣል። ሃያ ስድስት ዓመት የኖረበት ከፍታ እዚያው እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ነው ያለው።

«እኔ አየሁ» አለ። «ዛሬ ለእኔ ያልሆነውን አምስት ካልከው፣ ነገ በሐቅ አምስት የሳበው ሁሉ ይጠረጠራል። አራት ብለህ ጻፍ።»

«ጋሼ፣ መርዳት ፈልጌኮ ነው።»

«እርዳኛ። መመሪያውን ቀይረው። ፖል በእግር ነው የሚወጣው፤ ና አንድ ቀን ላሳይህ። እስክትቀይረው ግን አራት ያው አራት ነው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አንሥቶ ወዲያ ወዲህ አየ። የሚረዳው ሰው ጠፋ። አምስቱን ሰርዞ አራት ጻፈ። «የሚቀጥለው ፈተና ከስድስት ወር በኋላ ነው» አለ፣ እንደተቀየመ።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከፊቱ አነበበችው።

«ስንት?»

«አራት። አምስት ብለውኝ ነበር።»

«ብለውህ ነበር?» ወንበር ሳበች። «እና ምን አነቀህ?»

«አላለፈማ፣ አገጬ።»

ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ቤት ልትገባ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እግዚኦ» አለች፤ ግን እራቱን ስታቀርብ የእሱን ድርሻ ከሌላው ቀን ከፍ አድርጋዋለች። አማቱ ስለ ቁጥሩ ምንም አልጠየቁም። ሲበሉ ውሃ ቀድተው ሰጡት፤ ከዚያ በፊት ቀድተውለት አያውቁም።

ሰኞ ስልክ ክፍል ገባ፤ ከጎኑ ባለጢሙ። ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልምዷን በሁለት ቃል አስተምራዋለች፦ «ማንም ቢደውል ‹ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ናቸው› በል። ሌላ አትጨምር።» ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ብቻ። ጓደኞቹ በጭነት መኪናው ሲወጡ ድምፃቸውን ሰማ፣ ወደ በሩ ግን አልዞረም። ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ፣ መብራት ነው?» አለች አንዲት ሴት። «ይሄው ሦስተኛ ቀናችን ነው፣ ጨለማ ላይ ነን። ትናንትም ‹መንገድ ላይ ናቸው› ብላችሁኛል፣ ከትናንት ወዲያም። ይሄ መንገድ የት ነው የሚያደርሰው?»

ወፌ አፉን ከፈተ። ባለጢሙ ከጎን በዓይኑ «በል እንጂ» ይለዋል።

«የት ነው ቤትሽ፣ እህቴ?»

ነገረችው። ፖሉን ያውቀዋል፤ ባለፈው ክረምት ወጥቶበታል።

«እዚያ የሚወጡት ሰዎች አሁን ሌላ ሰፈር ናቸው። ከቀትር በፊት አይደርሱም። ዛሬ መድረሳቸውንም እርግጠኛ አይደለሁም።»

ተቆጥታ ልትዘጋው ነው ብሎ ጠበቀ።

«እንግዲያውስ ሻማ ልግዛ?» አለች።

«ግዢ» አላት። «ሁለት ግዢ።»