«ምነው ሳብሽኝ?»

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች የጃናሞራ ደብር ነው። አሁን ጎንደር፣ ቁስቋም ሠፈር እኖራለሁ፤ አርጅቻለሁም። ያን ቀን ሳላስብ የዋልኩበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ በጋ ቤተ ክርስቲያን የሚያቃጥል ሰው ተነሥቶብን ነበር። መጀመሪያ ከገደሉ ማዶ ያለችው ማርያም ነደደች። ጧፍ ወድቆ ነው ተባለ። ቀጥሎ የቆላው ሚካኤል ሲቃጠል ግን ከአጥሩ ሥር በላምባ የተነከረ ጨርቅ ተገኘ። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያይ ጀመር። ወንዶቻችን የኛን ጊዮርጊስ ሌሊት ሌሊት በተራ ይጠብቁ ነበር። ሰውየው በቀን መጣ፤ ወንዱ ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን።

ጭሱን ያየነው ውሃ ቀድተን ስንመለስ ነው። ክዳኑ ሣር ነውና እስክንደርስ ግማሹ ነዷል። የባሌ አባት ቄስ አድማሱ ቀድመውን ደርሰዋል። ያን ቀን ከቀሳውስቱ አገር ውስጥ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ታቦቱን ደግሞ ከካህን በቀር የሚነካው የለም።

የቀዳነውን ውሃ ጋቢያቸው ላይ አፈሰስንላቸው። ጭሱ መውጫውን እንዳያሳጣቸው የአህያ መጫኛ ወገባቸው ላይ አሰሩና ጫፉን ለኔ ሰጡኝ።

«እኔ ሳልስበው እንዳትስቢ። ታቦቱ ይወድቃል» አሉኝ።

«እሺ፣ አባ።»

ገቡ። መጫኛው በእጄ ውስጥ እየተሳበ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ጠበቅሁ። ማገሩ እየተንጣጣ መውደቅ ጀመረ። «አባ! አባ!» ብል መልስ የለም።

ጎረቤቴ ውዴ ከኋላዬ «ሳቢ እንጂ! ሰውየው አለቁ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ታቦቱስ?» አልኳት። እያለቀስኩ ሳብኩ። ሴቶቹም ተደርበው ሳቡ።

አባ በጀርባቸው እየተጎተቱ ወጡ። ጢማቸው ተለብልቧል። እጃቸው ባዶ ነበር። ወዲያው ጣራው ተደረመሰ።

ትንፋሽ ሲመለስላቸው አዩኝና «ምነው ሳብሽኝ? ይዤው ነበር እኮ» አሉ።

ሴቱ ሬሳ እንደወጣ ሁሉ ሙሾ አወረደ። ወንዶቹ ከገበያ ሲመለሱ አመዱ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ያቃጠለው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት አብሮን አልቅሶ ይሆናል።

ባሌ አባቱን ስላተረፍኩለት እጄን ሳመኝ። አባ ግን ከጎንደር ሌላ ታቦት መጥቶልን አገሩ በእልልታ ሲቀበል ከቤት አልወጡም።

«አባ፣ ይነሡ እንሂድ» ብላቸው፣ «አንቺ ሂጂ። እኔ በምን ፊቴ?» አሉኝ።

እስኪሞቱ ድረስ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ደግ አደረግሽም አላሉኝም።

ዛሬም ቢሆን እስብ ነበር። ለንስሐ አባቴ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ ፍቱኝ ግን አላልኳቸውም። በጊዮርጊስ ቀን ታቦት ሲወጣ ከሰው ጋር እቆማለሁ። ቀና ብዬ ማየት ግን አይሆንልኝም።