የሐዋርያው ወረቀት

እኛ ቤት ሐዋርያ አለን። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእኛን ቤተሰብ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ካላወቀም ዘመዶቼ ሳይነግሩት አይለቁትም። ቅድመ አያቴ ከቡሬ ወዲያ ወደ ቆላው ወርደው ወንጌል የሰበኩ፣ ብዙ ሕዝብ ያጠመቁ ቄስ ነበሩ። ሰርግ ላይ ይነሣሉ፣ ለቅሶ ላይ ይነሣሉ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስመካባቸው ኖሬያለሁ። አሁን ስማቸው ሲነሣ ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ።

ነገሩ የመጣው በልጄ ነው። ቡሬ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እዚያው ከሚያስተምር የሽንዲ ልጅ ጋር ተዋደዱ። ልጁን አየሁት፤ ሰው ፊት ድምፁን የማያሰማ፣ እግሩን እንኳ ሰብስቦ የሚቀመጥ፣ ደግ ልጅ ነው። ደስ አለኝ። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ግን እንደ ወጉ ዘር ይቆጠር ተባለ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ያልተራራቀ አይጋባም።

የቤታችንን ዘር በቃል የያዙት አክስቴ ናቸው፤ ከማንኩሳ አስመጣኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ልጄ፣ እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ፣ ሐዋርያው። ደግሞ በወዲያ በኩል ልጁን፣ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠሩና እዚያው ሐዋርያው ላይ ደረሱ። ለካ የልጁ ቅድመ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ኖረዋል።

«ዘመድ ናቸው፤ አይሆንም» አሉ፤ በዚያው ነጠላቸውን አጣፉ።

ልጄ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ አንተ ስንት ዘመን ታሪክ ያስተማርህ ሰው አይደለህም እንዴ? አክስትህ ቢሳሳቱስ? ወረቀት ፈልግልኝ» አለችኝ። ከዚህ ልጅ ሌላ እንደማታገባ ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ምን ልበላት? እፈልጋለሁ አልሁ።

ሐዋርያው ያገለግሉባት የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ናት። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። መጀመሪያ ከሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ። ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ቄስ ለቅሶ ሄደዋል። በሦስተኛው ተከፈተልኝ። ቄሱ አንድ ያረጀ የቆዳ ማኅደር አውጥተው ዳስሰው ሰጡኝና «እጅህ ንጹሕ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው።

ውስጡ የሐዋርያው የእጅ ጽሑፍ ነበር። ያጠመቋቸውን ሰዎች በተርታ ጽፈዋል፤ ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሌ። የቀድሞ ስማቸውን አንዱንም አልጻፉትም። እናታቸው ያወጣችላቸው ስም የት ገባ ብዬ ገጽ በገጽ ፈለግሁ፤ የለም። ከዚያ ለአለቃቸው የጻፉት ደብዳቤ ተገኘ። ከእኔ ጋር ካሉት ወንዶች ልጆች አንዱ የአብራኬ ክፋይ አይደለም፤ ቆላ ሳለሁ በበቅሎዬ ለውጬ ያመጣሁት ነው፤ አጥምቄ እንደ ልጅ ይዤዋለሁ ይላል። ስሙን ሳይ የሽንዲው ልጅ ቅድመ አያት ነው።

ሕፃን በበቅሎ! ያ ሁሉ ስብከት! ግን እውነቱን ልናገር፤ ማዘን የነበረብኝን ያህል አላዘንሁም። ወዲያው ቆጠራውን አሰብሁ፤ ደም የለም፣ ዝምድና የለም፣ ልጄ ልታገባ ነው። እሰይ አልሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ እሰይ!

ከደብዳቤው ግርጌ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነገር ነበረ። ሐዋርያው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ያንን ልጅ ከርስት ሊያወጡት ተነሡ፤ ሽማግሌና ካህን መሐል ገቡ፤ ልጅ ነው ተብሎ ከልጆቹ እኩል ተካፈለ፤ ከዚህ በኋላ ልጅ አይደለም ብሎ አመጣጡን ያነሣ ሰው የተገዘተ ይሁን ተባለ። ይህንንም አንብቤዋለሁ። አላየሁትም ብል ውሸቴን ነው። ያለፈ ዘመን ግዝት ነው ብዬ አለፍሁትና ሁሉንም በስልኬ አንሥቼ ወጣሁ።

ለአክስቴ አነበብሁላቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህን ማን አሳየህ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«አጥፋው ልጄ። ልጅቱም አልቅሳ አልቅሳ ይወጣላታል።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«የማያውቅ ማን አለ?» አሉ። «አውቀን ነው ወንድም እህት ተባብለን የኖርን።»

ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልክዎን ሲዋሹ ኖረው አሁን ደግሞ በልጄ ይፈርዳሉ? ብዬ ጮኽሁባቸው። በእናቴ እግር ያሉ ሰው ላይ! እንዲያም ሆኖ እርሳቸው ለእሑድ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ቤቴ ተሰበሰቡ። ከሽንዲ የልጁ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእኛ ወገን አክስቴና አንድ አጎቴ። የልጁ አባት ገበሬ ናቸው፤ ሲገቡ «ወንድሜ» ብለው ሦስቴ ሳሙኝ። እኔ ያንን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ቤት በትልቁ አሳትሜው ነበር። ተነሥቼ ቆምሁ። ክፍል ገብቼ እንደማስተምር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በቅሎዋንም ሳልዘል፣ ከላይ እስከ ታች አነበብሁ። «ስለዚህ በደም አይገናኙም፤ መጋባት ይችላሉ» ብዬ ወረቀቱን አጠፍሁ። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ከዚያ አጎቴ፣ ዘመድ ናቸው አይሆንም ሲሉ የከረሙት አጎቴ፣ ወደ መሬት እያዩ «እንግዲያማ ጨርሶ አይሆንም» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ያልሰማ ግን አልነበረም።

ያኔ ገባኝ። አክስቴ ዘመድ ናቸው ያሉት ሰዎቹን ከዚህች ቃል፣ የተገዛ ሰው ዘር ከመባል፣ ሊሸፍኑ ኖሯል። ዘመድ ነን ብሎ የተለያየ ሰው ተከብሮ ይሄዳል፤ እኔ የሰውየውን አያት በገዛ ልጅ ልጃቸው ፊት አውጥቼ ከበቅሎ ጋር አሰርኋቸው። ለዚያውም በገዛ ቤቴ፣ እንግዳ አድርጌ ጠርቼ።

የልጁ አባት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አልተቆጡም። ቢቆጡልኝ በወደድሁ።

«መምህር» አሉኝ፤ ወንድሜ ቀረ፤ «እዚህ ቤት እስክገባ ድረስ አያቴ የሐዋርያው ልጅ ነበሩ።»

ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። የቀረበውን እህል የነካው የለም። እስከ አጥሩ በር እየሮጥሁ ይቅር ይበሉኝ፣ እግዚአብሔርን ብለው ይቅር ይበሉኝ አልሁ።

«ያነበቡት እውነት ነው፤ ምኑን ይቅር ልበልዎ?» አሉና ባጃጅ ጠርተው ሄዱ።

ስመለስ አጎቴ እህል መብላት ጀምረዋል። እግዜር ይይላቸው። ሐዋርያውንም እግዜር ይይላቸው። አክስቴ ብቻ ከጥጋቸው አልተነሡም፤ ምነው በሰማኸኝ እንኳ አላሉኝም።

ልጄ ጓዳ ሆና በሩ ገርበብ እንዳለ ሁሉንም ሰምታለች። ለልጁ ደወለች፤ አንዴ አነሣላት። አባቱ ነግረውታል። እወድሻለሁ፣ ግን አባቴ የተዋረዱበት ቤት ተመልሼ አልገባም አላት። ከዚያ በኋላ አላነሣም። እርሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ያልተነካውን ሰሐን አንድ በአንድ አነሣች፤ እኔ ላግዛት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ስትጨርስ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ አክስትህ እንዳሉት ብንለያይ ኖሮ ሲያመኝ ይጠይቀኝ ነበር፤ ስሞት ይቀብረኝ ነበር። ዘመዴ ነበራ። አሁን ምኔ ነው?»